ቡችላውን ማን ያበላዋል?

የተማረ ሰው ለአገሩ ምን ሠራ የሚለው ጥያቄ በእንደዚህ ያሉ ገጾች ላይ ሲነሣ ኖሯል፤ ወደፊትም ይነሣል። ስለ መሬት፣ ስለ ፋብሪካ፣ ስለ ትምህርት መስፋፋት፣ ስለ ፍትሕ የሚጻፈውን ሁሉ በደስታ እናነባለን፤ በክርክሩም ከማንም አናንስም። ዳሩ ግን ክርክሩ አልቆ ሁሉም ወደየቤቱ በገባ ጊዜ፣ በንግግር ብዛት የደረቀውን ጉሮሮ የሚያርሰውን ውኃ ማን ቀድቶ እንዳመጣው የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው።

ስለዚህ ዛሬ ስለ አንድ ትንሽ ነገር፣ ይኸውም ስለ ቡችላ ልንጽፍ ተነሥተናል። አንባቢ ርእሱን አይቶ «ይህ ደግሞ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚሆን ነገር ነውን?» ብሎ ገጹን እንዳይገለብጥብን እንለምናለን። በአንድ ቤት ውስጥ ማን እንደሚሠራና ማን እንደሚሠራለት ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የቤቱን የሥራ ሒሳብ ቁጭ ብሎ ቢያሰላ ይደክመዋል፤ አንድ ቡችላ ወደዚያ ቤት ቢያስገባ ግን በሦስት ሳምንት ውስጥ መልሱን ያገኘዋል።

ነገሩን ወደምናውቀው አገር እናምጣው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች የደጋ ከተማ ናት። በምሥራቅ በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ የሚደርሰው የጉና ተራራ ቆሞ ይታያል፤ ርብና ጉማራም ከዚያው ከጉና አካባቢ ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። በፋርጣ፣ በላይ ጋይንትና በእስቴ ከፍተኛ ቦታዎች ገብስና ድንች የሚያበቅለው ያ ብርድ፣ ማለዳ ከመኝታ መነሣትንም ከባድ ያደርገዋል። በዚህ ብርድ ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ማን ነው?

ዶሮ ሲጮኽ እናት ትነሣለች። አመዱን ትዝቃለች፣ እሳቱን ታያይዛለች፣ ቤቱን ትጠርጋለች። ልጃገረዷ ጀሪካን አዝላ ወደ ምንጭ ወይም ወደ ቦኖ ትወርዳለች፤ ሃያ ሊትር ውኃ ሃያ ኪሎ መሆኑን ፊዚክስ ያልተማረ ጀርባም ያውቀዋል። ከዚያ በረቱ ይጠረጋል፣ እበቱ ለኩበት ይጠፈጠፋል፣ ወተቱ ይናጣል፣ ድንቹ ይላጣል፣ እህሉ ወደ ወፍጮ ቤት ይሄዳል፤ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ምጣዱ ይጣዳል፤ በዓል ሲቃረብ ደግሞ ጌሾው ይወቀጣል፣ ጠላው ይጠነሰሳል።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ የሰዋስው ነገር ልብ ይበልልን። «ይጠረጋል፣ ይናጣል፣ ይጋገራል፣ ይታጠባል» በማለት ስንዘረዝር አድራጊው ከዐረፍተ ነገሩ ወጥቶ ይቀራል። ሰው ስለ እርሻ ሲናገር «አባቴ አረሰ» ይላል፤ ስለ ምሳ ሲናገር ግን «ምሳ ደረሰ» ይላል። ምሳ በራሱ እግር የሚመጣ ይመስላል። በቋንቋችን ውስጥ የጠፋችው ይህች አድራጊ ከጓዳ አልጠፋችም፤ ጭስ ዐይኗን እያስለቀሳት እዚያው ናት።

እውነቱን ለመናገር ወንዱም ሥራ አይፈታም። ማረስ፣ ማጨድ፣ መውቃት፣ እንጨት መፍለጥ፣ አጥር ማጠር ቀላል ሥራ አይደለም፤ የፋርጣን ዳገት በበሬ ያረሰ ሰው ይህን ያውቃል። ነገር ግን የወንዱ ሥራ ወራት አለው፤ ፀሐይም ስትገባ ያበቃል። የሴቷ ሥራ ወራት የለውም፤ እርሷ ራሷ ከአረሙና ከአጨዳው ውላ ከባሏ ጋር እኩል ወደ ቤት በገባች ጊዜ እርሱ እግሩን ሲታጠብ እርሷ ሁለተኛውን የሥራ ቀን ትጀምራለች።

ወደ ቡችላው እንመለስ። የደጋው ሰው ውሻን ለጌጥ ብሎ አያሳድግም። ሌሊት ጅብ በረት እንዳይደፍር፣ ሌባ አጥር እንዳይዘል፣ እረኛው ከበጎቹ ጋር ብቻውን እንዳይውል ውሻ ያስፈልጋል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ተረት የውሻን ታማኝነት ከሚበላው ጋር አያይዞ ይናገራል እንጂ ያበላው ማን እንደሆነ አይነግረንም። የጎረቤት ውሻ በገለባው ክምር ሥር የወለደች እንደሆነ የሰፈሩ ልጆች ይሰበሰባሉ። ወንዱ ቡችላ ቶሎ ባለቤት ያገኛል፤ ሴቷን ግን «ነገ ትወልድብናለች» በማለት ብዙ ቤት አይፈልጋትም፤ ከመንገድ ዳር ተጥላ የምትቀረውም ብዙውን ጊዜ እርሷ ናት።

ልጁ ቡችላውን በጋቢው ሸፍኖ ወደ ቤት ሲገባ እናት የምትጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው። «አንተ፣ ይህን ማን ሊያበላው ነው?» «እኔ ነኝ፣ እማየ!» ይላል ልጁ። መዋሸቱ አይደለም፤ በዚያች ሰዓት እውነቱን ነው። ስም ያወጣለታል፤ «መቻል» ይለዋል፣ ወይም «ደፋር»። በመጀመሪያው ሳምንት ከራሱ እንጀራ ቆርሶ ይሰጠዋል። በሁለተኛው ሳምንት ኳስና ጓደኛ ያስረሱታል። በሦስተኛው ሳምንት ቡችላው ሲያላዝን «እስኪ እታለም፣ አንድ ነገር ጣይለት» ይላል። ከዚያ በኋላ የድስቱን ጥራጊ የምታቀርብለት፣ ሌሊት ያበላሸውን የምትጠርግለት፣ ዝናብ ሲመጣ ከደጅ የምታስገባው እኅቲቱ ናት። ቡችላው ግን አሁንም የልጁ ነው፤ «የማን ውሻ ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ሰፈሩ ሁሉ የልጁን ስም ይጠራል። ባለቤትነቱ ለወንድም፣ ሥራው ለእኅት ሆነ ማለት ነው።

ይህ ክፍፍል በቡችላ የተጀመረ አይደለም። ቤቱ የአባት ነው ይባላል፤ ግድግዳውን በየጊዜው የምትለቀልቀው እናት ናት። እንግዳው የአባት ነው ይባላል፤ እንግዳው የሚበላውን የምታዘጋጀው እናት ናት። የታሪክ ኩራታችን ሳይቀር እንደዚሁ ነው። ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል የተባለው የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ በ1860 ዓ.ም. እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት ተጎትቶ መሄዱን ሁሉም ይተርካል። የጎተተው ሠራዊት በየሰፈሩበት ምን በላ፣ ዱቄቱንስ ማን ፈጨ ብሎ የሚተርክ ግን አይገኝም። ቡችላው የሚያሳየን ይህንኑ የቆየ ልማድ ነው፤ የሚለየው ትንሽ በመሆኑና ለሁሉም ሰው ዐይን ግልጽ በመሆኑ ብቻ ነው።

«እንግዲህ ለአንዲት ቁራሽ እንጀራ ይህን ያህል ክርክር ምንድር ነው?» የሚለን ይኖራል። ነገሩ ቁራሽ እንጀራ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኛም ባልደከምን። ውሻ ማሳደግ ከማብላት በላይ የሆነ ሥራ አለው፤ ያ ሥራ ደግሞ እኅት ጥራጊ ስላቀረበች ብቻ አይሟላም። ቡችላውን ወደ እንስሳት ሐኪም ይዞ መሄድ፣ የሆድ ትሉን መድኃኒት ማስሰጠት፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማስወጋትና ጊዜው ሲደርስ ማስደገም፣ ማታ ከግቢው እንዳይወጣ መጠበቅ አለ። «የልጁ ውሻ ነው» ስለሚባል እናት ይህን የእርሷ ሥራ አድርጋ አታየውም። ልጁ ደግሞ ማብላቱን ለእኅቱ ከጣለ ወዲህ ስለ ውሻው ማሰቡን ትቷል። እኅት በበኩሏ ጊዜም ገንዘብም የላትም። እንዲህ ሆኖ ከሥራዎቹ ሁሉ ዋነኛው ሳይሠራ ይቀራል።

የዚህም ዋጋ ሕይወት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በሰው ላይ ከሚደርሰው የዚህ በሽታ መተላለፍ 99 ከመቶ የሚሆነው በውሻ አማካይነት ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጉ ሰዎች በዚሁ በሽታ እንደሚሞቱ ይገመታል፤ አብዛኞቹም በአፍሪካና በእስያ ያሉ ናቸው። ከሚሞቱት ከዐሥሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ከቡችላ ጋር የሚጫወተው፣ እጁን በአፉ የሚያስገባው፣ ሲቧጨርም ስቆ የሚያልፈው ልጅ ስለሆነ ይህ የሚያስገርም አይደለም። «ቡችላ አያብድም» የሚለው የሰፈር ወሬ ሐሰት ነው፤ ቡችላም በበሽታው ይያዛል፤ ያስተላልፋልም።

የሚያሳዝነው፣ ይህ ሞት መድኃኒቱ ሳይታወቅ የቀረ ሞት አለመሆኑ ነው። ሉዊ ፓስተር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በአውሮፓ አቈጣጠር ጁላይ 6 ቀን 1885 ያበደ ውሻ የነከሰውን ጆሴፍ ማይስተር የተባለ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በክትባት መከላከል ጀመረ፤ ልጁም ዳነ። ያን ልጅ ከአልዛስ እስከ ፓሪስ ይዛው የመጣችው እናቱ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ከ130 ዓመት በላይ አልፏል። በወላጆቻችን ዘመን የሚያስፈራው በሆድ ላይ ለብዙ ቀናት በተከታታይ የሚወጋው ክትባት ነበር፤ የዓለም የጤና ድርጅት አገሮች ያንን ዐይነት ትተው በክንድ ላይ ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚሰጠውን የተሻለ ክትባት እንዲጠቀሙ ይመክራል። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 ከመቶ የሚሆኑት በየጊዜው ከተከተቡ በሽታው በውሾች መካከል መዛመቱ እንደሚቆምም ታውቋል። በ2030 በአውሮፓ አቈጣጠር ከውሻ በሚመጣ የእብድ ውሻ በሽታ የሚሞት ሰው እንዳይኖር ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ዕቅድ አውጥተዋል። ዕቅዱ ግን በመጨረሻው የሚፈጸመው ውሻውን በገመድ ይዞ ወደ ክትባት በሚሄድ አንድ ሰው እጅ ነው። ያ ሰው ማን ነው? ይህ ነው ጥያቄያችን።

እዚህ ላይ ውኃና ውሻ የሚገናኙበት ነገር አለ። ውሻ የነከሰው ወይም የቧጨረው ሰው በመጀመሪያ ማድረግ ያለበት ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብ ነው፤ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። ዐሥራ አምስት ደቂቃ የሚፈስ ውኃ ቧንቧ ለሌለው ቤት ምን ማለት እንደሆነ እናስብ። ያ ውኃ ከጀሪካን የሚቀዳ ነው። ጀሪካኑ ማለዳ በእኅት ጀርባ የመጣ ነው። ባለ ውሻው ልጅ በተነከሰ ቀን ሕይወቱን ለማትረፍ በቅድሚያ የሚፈስለት ውኃ፣ አንድ ቀን እንኳ ወርዶ ያልቀዳው ውኃ ነው። የቤት ሥራ ማለት ትንሽ ነገር ነው የሚል ሰው ካለ ይህን ያስብ።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ብዙ ልጅ ሲነከስ ይደብቃል፤ «ያመጣኸው ውሻ!» ተብሎ እንዳይገረፍ፣ ወይም ውሻው እንዳይገደልበት ይፈራል። በሽታው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ አጥሮ ወይም እስከ ዓመት ዘግይቶ ምልክቱን ስለሚያሳይ፣ ቁስሉ ከዳነና ነገሩ ከተረሳ በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ሕፃን ልጅ መነከሱን ቢናገር እንደማይቀጣ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። የነከሰውን ውሻ ወዲያው ከመግደልም፣ የሚቻል ሲሆን አስሮ ለ10 ቀን መጠበቅና መከታተል ይሻላል፤ ይህም ቢሆን ተነካሹ ወደ ሕክምና የሚሄድበትን ቀን ማዘግየት የለበትም። ጠበል መጠመቅን ማንም አይከለክልም፤ ሁለቱን የሚያጣላ ነገር ስለሌለ ጠበልም ክትባቱን ሊያስቀር አይገባም።

ወንድ ብቻ የሚሠራው አንድ ሥራ ደግሞ እናንሣ። በበዓል ቀን በግ የሚያርደው ወንዱ ነው። በጉ ተገፍፎ ሲበለት ውኃ የቋጠረ ሳንባ ወይም ጉበት የተገኘ እንደሆነ «ለውሻው!» ተብሎ ይወረወራል። በዚያ ውኃ ቋጠሮ ውስጥ ያለው ትል በውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉም ከውሻው ዐይነ ምድር ጋር ወጥቶ በእጅ፣ በሣርና በውኃ አማካይነት ወደ በግና ወደ ሰው ይመለሳል፤ በሰውም ጉበትና ሳንባ ላይ እንደዚያው ያለ ቋጠሮ ያበቅላል። እንዲህ ያለውን ሥጋ ማቃጠል ወይም ውሻ በማይደርስበት ጥልቅ ጉድጓድ መቅበር የዐራጁ ሥራ ነው። ቢላዋውን ያነሣ እጅ ጉድጓዱንም ይቆፍር።

ከመንገድ ዳር የተጣለችው ሴት ቡችላም ታሪኳ እዚያ አያበቃም። በሕይወት የቆየች እንደሆነ ባለቤት የሌላቸውን ሌሎች ቡችሎች ትወልዳለች፤ እነዚያንም የሚያስከትባቸው የለም። ወንዱን ብቻ መርጦ ሥራውን የቀነሰ የመሰለው ቤት፣ የተጣለችው ቡችላ ልጆች በሌሊት በበሩ ሲያልፉ ያገኛቸዋል። በሽታው አጥር አያግደውም፤ በባሌ ተራሮች በዓለም ላይ ከእኛ አገር በቀር የማይገኘውን ቀይ ቀበሮ በ1991ና በ2003 በአውሮፓ አቈጣጠር ክፉኛ የጨረሰው ከሰው ውሾች የተነሣው ይኸው በሽታ ነበር።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ልማድ ነው። ስለ ሕግ የሚጠይቅ ካለ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 635 ባልን የቤተሰቡ አለቃ ያደርግ ነበር፤ በቍጥር 646 ደግሞ ባል ሠራተኛ ሊያኖርላት ካልቻለ ሚስት የቤቱን ሥራ ራሷ እንድትሠራ ያስገድዳት ነበር። የማጀቱ ሸክም የሴት መሆኑ በሕግ መጽሐፍ ተጽፎ ነበር ማለት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ለሴቶች እኩልነትን ደነገገ፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ባልና ሚስት ቤተሰባቸውን በመምራት እኩል መብት እንዲኖራቸው አደረገ፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። ሕጉ ተለወጠ፤ ጀሪካኑ ግን ከጀርባ ወደ ጀርባ አልተዛወረም። ዳኛ ጓዳ ገብቶ ሥራ አያከፋፍልም። ይህ በቤቱ ሰዎች ፈቃድ ብቻ የሚሆን ነገር ነው።

«በእኛ አገር ይህ አይሆንም፤ የፈረንጅ ነገር ነው» ለሚል ሰው መልሱ ሩቅ አይደለም። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ አቅጣጫ፣ በፎገራ ወረዳ፣ አውራ አምባ የሚባል መንደር አለ። የማኅበረሰቡ መሥራች ዙምራ ኑሩ የተወለዱትም በዚሁ በደቡብ ጎንደር ነው። ልጅ ሳሉ እናታቸው ከአባታቸው ጋር እርሻ ውለው ማታ አባት ሲያርፉ እናት ብቻቸውን ሲፈጩና ሲጋግሩ አይተው «ለምን?» ብለው መጠየቃቸውን ተናግረዋል። ፈረንጅ አላስተማራቸውም፤ ዩኒቨርሲቲም አልገቡም፤ እናታቸውን ነው ያዩት። በ1964 ዓ.ም. ከተባባሪዎቻቸው ጋር ባቋቋሙት ማኅበረሰብ ሥራ በችሎታ እንጂ በጾታ አይከፈልም፤ ሴት ታርሳለች፣ ወንድ ይጋግራል፣ ይፈትላል። በዚህም የተነሣ ብዙ ተሰደቡ፤ በደርግ ዘመን ማብቂያ ላይም አካባቢውን ለቀው እስከ ቦንጋ ተሰደዱ፤ በኋላ ሲመለሱ መሬት ስላነሳቸው በሽመና ኑሯቸውን አቀኑ። ማንም ሰው የአውራ አምባን አኗኗርና እምነት በሙሉ እንዲቀበል አንጠይቅም። እኛ የምንለው አንድ ነገር ነው፤ በዚያ መንደር ወንድ ምጣድ አጠገብ በመቆሙ የተናጋ ቤት አላየንም።

ወንድ ጓዳ ከገባ «ሴታ ሴት» ይባላል፤ ይህ ስድብ ከባድ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን ስድቡን ልብ ብለን እንመርምረው። አንድን ሰው ለመስደብ «እናቱን ይመስላል» ማለት በቂ ከሆነ፣ ለእናት አለን የምንለው ክብር ምኑ ላይ ነው? በየበዓሉ ስለ እናት የሚነገረው ምስጋና ከልብ ከሆነ የእናትን ሥራ መሥራት ውርደት ሊሆን አይችልም። «ተማሪው በጥናት ደክሞ ነው የመጣው፤ ይረፍ» የሚለውም ወላጅ በፍቅር የሚለው ነው። ይሁንና እኅቲቱም ተማሪ ናት። እርሱ መጽሐፉን በፀሐይ ብርሃን ሲያነብ እርሷ የምታነበው ድስቱ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ እንቅልፍ ሲጥላት ነው። በፈተና ጊዜ ውጤቷ ዝቅ ቢል «ጭንቅላቷ አይቀበልም» ይባልባታል። በዩኒቨርሲቲው መማሪያ ክፍል ውስጥ አጠገባችን ባዶ የሆነው ወንበር የእርሷ ነበር እንበል፤ ማን አስቀረው?

ስለዚህ በመጪው ክረምት፣ መንገዱ ሰላም ሆኖ ወደ ቤተሰቦቹ ለሚሄድ ተማሪ ሁሉ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ቤት በገባ ማግስት ጀሪካኑን ይያዝ፤ ሰፈሩም ይይ። በሚያሳፍር ነገር እንዳልተያዘ ሌሎች ታናናሽ ወንድሞች የሚማሩት ከንግግር ሳይሆን ከዚህ ነው። በቤቱ ውሻ ወይም ቡችላ ያለ እንደሆነ ወደ ወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ሄዶ ክትባቱ መቼ እንደሚሰጥ ይጠይቅ፤ በተባለው ቀን ውሻውን በገመድ ይዞ ይሂድ፤ የጎረቤቱንም ያስከትል። ቡችላ ያመጣው ታናሽ ወንድም ከሆነም ማብላቱና ማጽዳቱ የእርሱ እንዲሆን፣ እኅቱም «አይሆንም» የማለት መብት እንዲኖራት ያድርግ። ልጅ ኀላፊነትን ለመማር ከቡችላ የተሻለ አስተማሪ አያገኝም፤ ትምህርቱን እኅቱ የምትማርለት ከሆነ ግን የሚማረው ነገር ቢኖር ሌላ ሰው ሥራውን እንደሚሠራለት ብቻ ነው።

ነሐሴ 13 ቀን የሚውለው የደብረ ታቦር በዓል ቡሄ ከከተማዋ ጋር ስም ይጋራል። በዚያን ቀን ወንዶች ልጆች ጅራፍ እያጮኹ፣ ሆያ ሆዬ እያሉ በየደጁ ይዞራሉ፤ ሙልሙል ዳቦም ይሰጣቸዋል። ደስ የሚል ልማድ ነው፤ ማንም እንዲቀር አይሻም። በዋዜማው ሌሊት ዱቄቱን ከሚያቦኩት እጆች መካከል የተማሪው እጅ ቢኖርበት ግን በዓሉ ምኑ ይጎድላል? በአውሮፓ አቈጣጠር ሴፕቴምበር 28 ቀን፣ ማለት በእኛ መስከረም 18 ቀን ገደማ፣ በመስቀል ማግስት፣ የእብድ ውሻ በሽታ ቀን በዓለም ይታሰባል፤ ፓስተር ያረፈበት ዕለት ነው። የተማሪዎች ኅብረታችንም ያን ቀን ለንግግር ብቻ ከሚያውለው፣ አባሎቹ ክረምቱን በየሰፈራቸው ስንት ውሻ እንዳስከተቡ የሚናገሩበት ቀን ቢያደርገው መልካም ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አባቶች። በአንድ ቤት ውስጥ ያለው ሥራ ሃምሳ ሎሚ ነው እንበል፤ ሃምሳውም ለአንዲት ሴት ተሸክሞ ኖሯል። እኛ የምንጠይቀው ከዚህ ውስጥ እያንዳንዱ ወንድ ልጅ ድርሻውን እንዲያነሣ ነው። መሬትና ፋብሪካ፣ ሕግና ፍትሕ እስኪስተካከሉ ድረስ መጠበቅ የማያስፈልገው፣ ገንዘብም ፈቃድም የማይጠይቅ፣ ነገ ጠዋት ሊጀመር የሚችል ለውጥ ይህ ነው። ምንጩ እዚያው ነው፤ ጀሪካኑም በበሩ አጠገብ ተቀምጧል።